ገበጣና ኩኩሉ አንድ ላይ ቢሆኑስ?

ዛሬ ስለ አንድ ጌም እናስረዳችኋለን።

ጣና ዳር መሬት ቆፍረን ገበጣ ስንጫወት ረጋ ብለን እናስባለን። ኩኩሉ ስንጫወት ግን ሩጫ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ገበጣን የሞባይል ጌም አድርጎታል። «ኩኩሉ» የሚል ጌምም አለው፤ እዚያ ላይ ዶሮ ከገበሬ ታመልጣለች።

ማሰብና ሩጫን አንድ ላይ ያደረገ የውጭ ጌምም አለ። ስሙ «ዋን ስቴፕ ፍሮም ኤደን» ነው። ዋናው ሠሪው ቶማስ ሙን ካንግ ሲሆን የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ሜዳው እንደ ሰኞ ማክሰኞ በካሬ የተከፈለ ነው፤ የእኛ 16፣ የጠላት 16። ጠላት ሲመታ ቶሎ ወደ ሌላ ካሬ መሸሽ ነው። እኛ የምንመታው ደግሞ በካርታ ነው። ካርታው ተበውዞ ሁለት ሁለቱ ይቀርብልናል፤ ሲያልቅ እንደገና ይበወዛል። ስናሸንፍ አዲስ ካርታ መርጠን እንጨምራለን።

ታዲያ ካርታ ያበዛ ያሸንፋል? ሁልጊዜ አይደለም! ካርታችን 5 ከሆነ ጎበዙ ካርታ ቶሎ ተራው ይደርሳል። 20 ከሆነ ግን እሱን ስንጠብቅ ጠላት ይቀድመናል። ስለዚህ «ይቅርብኝ» ብሎ መተውም ጉብዝና ነው።

ኮምፒውተር የሌለን በወረቀት እንሞክረው። 5 ካርታ ቆርጣችሁ አንዱ ላይ ኮከብ ሳሉ። በውዛችሁ አንድ በአንድ ግለጡ፤ ኮከቡ በስንተኛው መጣ? ከዚያ ካርታውን 20 አድርጋችሁ ድገሙት። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

መልካም ጨዋታ!