ማሳወቂያ ውስጥ ሠንጠረዥ እንዴት ይገባል?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት የምድብ ለውጥ በስልክ ማሳወቂያ ሲደርሰን ጽሑፉ ረዝሞ መጨረሻው ተቆረጠ። የተቆረጠው ደግሞ ዋናው ነገር፣ የክፍሉ ስም ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ሌላ ክፍል ገብተው ሲደናበሩ ተማሪዎቹ አንድ ክፍለ ጊዜ ባከነባቸው። ታዲያ እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት «ለውጡ በሠንጠረዥ ለምን አይታይም?» ብለን ተነሣን። በአይፎን ሞክረን የተረዳነውን እነሆ።

የስልክ ገጽ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፣ ተማሪን ሰሌዳ ላይ አውጥቶ «እዚህ አስምር፣ ያንን አጥፋ፣ አሁን ጻፍ» እያሉ ደረጃ በደረጃ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው «ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሁን» ብሎ የተፈለገውን መልክ ብቻ መናገር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስዊፍትዩአይ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ማሳወቂያን በራስ መልክ የማሳየት በር የተከፈተው ቀደም ብሎ፣ በ2016 ከአይኦኤስ 10 ጋር ነው። በሩም የሚያውቀው የቀድሞውን ዓይነት ገጽ ነው። ስለዚህ አገናኝ ያስፈልጋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በመተግበሪያው ላይ ኖቲፊኬሽን ኮንቴንት ኤክስቴንሽን የሚባል ክፍል ይጨመራል።

2ኛ/ ማሳወቂያው ሲደርስ ይህ ክፍል መረጃውን ተቀብሎ ለስዊፍትዩአይ ገጽ ይሰጣል።

3ኛ/ ገጹ ዩአይሆስቲንግኮንትሮለር በሚባል መያዣ ውስጥ ይገባና ከቀድሞው ገጽ ሥር ይሆናል። አራቱም ጠርዞቹ ከውጭኛው ጠርዝ ጋር መታሰር አለባቸው፤ አለዚያ መጠኑ ይዛባል።

4ኛ/ ማሳወቂያውና ኤክስቴንሽኑ አንድ ዓይነት የካቴጎሪ ስም ይሰጣቸዋል።

ይህች አራተኛዋ ሦስት ቀን አንከራተተችን! ማሳወቂያው ይመጣል፣ ሠንጠረዡ ግን የለም። ስሕተት ነው የሚል መልእክትም የለም። ለካስ ስሙን አንዱ ጋ በትልቅ፣ ሌላው ጋ በትንሽ የላቲን ፊደል ጽፈነው ኖሯል። ስሙ በፊደል ካልገጠመ ስልኩ ዝም ብሎ የተለመደውን ተራ ማሳወቂያ ያሳያል።

ሌላም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ሠንጠረዡ የሚታየው ማሳወቂያው ተጭኖ ሲያዝ ነው። ከዚያ በፊት የሚታየው ያው አጭር ጽሑፍ ነው። ሠንጠረዥ የተሠራ እንደሆነም የክፍሉ ስም ከጽሑፉ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልግም ነበር። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ የምትጽፉ ጓደኞቻችን ክፍሉን አስቀድሙልን፤ ተማሪ ያለ መምህር አይቀመጥ።