የእድር መዝገብና የሰው ገመና

እድር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ንብረት በጸሐፊው እጅ ያለው መዝገብ ነው። ለመሆኑ በዚህ መዝገብ ምን ይጻፋል?

የአባሉ ስም፣ የቤት ቁጥሩና ወርኃዊ መዋጮው ይጻፋል። ቀጥሎም የባለቤቱ፣ የልጆቹና የወላጆቹ ስም ይሰፍራል። የእድር ክፍያ እንደ ዝምድናው ቅርበት ስለሚለያይ ማን የማን ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ታዲያ ከጋብቻ ውጭ የተወለደው፣ በማደጎ የመጣችው፣ የተፋታችው፣ መዋጮ ያቃተው፣ ሁሉም በአንድ ደብተር ተሰብስበዋል ማለት ነው።

ጥሩምባ ነፊው ሞትን ለሰፈር ያውጃል፤ ሥራው ነውና። ሟቹ በምን በሽታ እንደሞተ ግን ጥሩምባ አይነፋበትም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንዳንድ የከተማ እድሮች ከቀብር አልፈው የኤድስ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ሲጀምሩ ይህ ነገር ከበደ። ለመርዳት ስም መመዝገብ ግድ ነው፤ ስሙ ከወጣ ደግሞ በሽተኛው ቤት የሚያከራየው ሊያጣ፣ ልጁም ከጓደኞቹ ሊገለል ይችላል። ስለዚህ የሕሙማኑን ስም ከዋናው መዝገብ ለይቶ መያዝ፣ የሚያውቁትንም ሰዎች ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ምኑን ተቆለፈ!

ያልከፈሉትን ስም ግድግዳ ላይ መለጠፍስ? «ካላፈረ አይከፍልም» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ባለዕዳውን ለብቻው ጠርቶ መንገር ይቻላል። ዛሬ ደግሞ ገጹን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ቀሏል፤ የተላከው አይመለስም።

ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይሰበሰብ ይላል። ጤናን የሚመለከት መረጃ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ባለቤቱም ስለራሱ የተጻፈውን የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው።

ይህ ለእኛ ለእጩ መምህራን ምናችን ነው? ነገ የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለችግረኛ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚሰጥ ትንሽ ማኅበር ሊኖረው ይችላል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደግሞ የክፍል ኃላፊው መምህር ነው። ዝርዝሩ በጧት ሰልፍ ላይ «ወላጅ የሌላችሁ ወደፊት ውጡ» ተብሎ ሲነበብ የሰማን አንጠፋም። ያቺ ልጅ ዩኒፎርሙን ለብሳ በገባች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ከየት እንዳመጣችው ያውቃል።

ለምን ልጅቷ እንደተመረጠች ማወቅ ያለበት መራጩ ኮሚቴ ነው። ለዕቃ ግምጃ ቤት የሚሄደው ወረቀት ስምና የልብስ ቁጥር ይበቃዋል፤ «ምክንያት» የሚለው ዓምድ እዚያ ምን ይሠራል?