ልጅ ወደ ኮሌጅ ሲሄድ በሬው ከጥማዱ እንዳይጎድል

መኸሩ ደርሶ አጨዳው በተጧጧፈበት ወቅት፣ አንዳንድ ዓመትም እህሉ ተወቅቶ ከጎተራ ሳይገባ፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎቻችን አንድ የምሥራች ይደርሳል። የእገሌ ልጅ ፈተናውን አልፎ ለከፍተኛ ትምህርት ተመድቧል የሚል ነው። እናት እልል ትላለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። በማግሥቱ ጧት ግን አባት ከበረቱ በር ቆሞ ከብቶቹን በዓይኑ ሲቆጥር ይታያል። የትኛው ይሸጥ? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከዚያ በር ላይ በጊዜ ቢደርስ አንድ ጥማድ በሬ ሳይፈርስ ሊቀር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም የመጣው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ዛሬ በሕግ የገጠር ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም ሕዝቡ የጥንቱን ስም አልተወውም፤ እኛም በሕዝቡ አጠራር ሄደናል።

የምሥራቹ ክብደት ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሬሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት የሚገቡ ቢኖሩም ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል የገበሬ ልጅ ሲገኝ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ልስጥ ቢል አያስወቅሰውም። የሚያሳዝነው ተሽጦ የተገዛው ዕቃ ከማደሪያው ደርሶ የማይረባ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ስለ ሌላ ሰው ከማውራቴ በፊት የራሴን ላስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዲፕሎማ ወደ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ስመደብ፣ አባቴ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱን፣ ቡሬ የምንለውን፣ ገበያ አወጣው። በገንዘቡም ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የስፖንጅ ፍራሽና ሙሉ ልብስ ከነጫማው ተገዛልኝ። የተረፈውን ገንዘብ እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ከሸሚዜ ውስጥ ሰፋችው። ሣጥኑን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ለማስጫን ከእኔ መሳፈሪያ የማይተናነስ ሒሳብ ከፈልኩ።

ከማደሪያው ስደርስ ክፍሉ ስምንት ሰው የሚይዝ ሆኖ አገኘሁት። አልጋዎቹ ተደራራቢ የብረት አልጋዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ ፍራሽ አለ። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው አልጋውና ተማሪዎች ሎከር የሚሉት ጠባብ ቁም ሣጥን ብቻ ነው። የእኔ ሣጥን ከአልጋው ሥር አልገባ አለ፤ ከሎከሩም አልሆነ። በመተላለፊያው እንዳላስቀምጠው ደግሞ ፕሮክተሩ፣ ማለትም የማደሪያው ተቆጣጣሪ፣ ከለከለኝ። በሦስተኛው ቀን ለአንዲት ሻይ ቤት ባለቤት ከተገዛበት ዋጋ በሩቡ ሸጥኩላት። ከቤት ያመጣሁትን ፍራሽ በኮሌጁ ፍራሽ ላይ ደርቤ አንጥፌ ለሁለት ወር ያህል ተኩራርቼበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ትኋን ሰፈረበት። ሙሉ ልብሱን የለበስኩት በምረቃዬ ቀን ሲሆን ያን ጊዜ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ያልተገዛው አንድ ነገር ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ሎከር ቁልፍ እንደሚፈልግ የነገረን አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛው ብርድ ልብስና እርሱ ውስጥ የሸሸግሁት ገንዘብ ጠፉ።

በሚቀጥለው ክረምት አባቴ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። መቀናጆ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ተራው እስኪደርሰው ድረስ ጤፉ የሚዘራበት ጊዜ አለፈ፤ ከማሳዎቹም አንዱን ለእኩል ሰጠ። ሌላ በሬ ገዝቶ ጥማዱን እስኪሞላ ድረስ ሦስት መኸር አልፏል። ይህን የሰማሁት ከእርሱ አይደለም፤ ለዕረፍት ስመለስ ማሳችንን ሌላ ሰው ሲያጭደው አይቼ ነው።

እንግዲህ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በሚያወጡት ጥሪ ላይ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር አለ። ከዕቃ በኩል አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይላል። ከወረቀት በኩል የ8ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ዋናውና ቅጂው፣ እንዲሁም 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠየቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም የሚጠይቁ አሉ። አልጋና ፍራሽ በማደሪያው አለ፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት በተማሪዎች ካፌ ይቀርባል። ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ያገኘ አባት የቆርቆሮ ሣጥን አይገዛም። አንድ በትከሻ የሚያዝ ጠንካራ ቦርሳ ይበቃል።

ብርድ ልብሱ የሚመረጠው እንደተመደበበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል፤ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ግድ ይለዋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የደረሰው ግን ያን ብርድ ልብስ ይዞ ሲያልበው ይኖራል። ለእርሱ ነጠላ ጋቢ ይሻለዋል፤ ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ አጎበር መያዝ ይገባዋል። አገሩን የማያውቅ ቤተሰብ ከተማ ካሉት መምህራን ወይም ቀድሞ ከሄደ የቀበሌው ልጅ ቢጠይቅ ነገሩ በአንድ ቀን ይፈታል።

ስንቁን በተመለከተ እናቶች ብዙ ይደክማሉ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ምንም አይወጣላቸውም፤ ካፌው ከተዘጋ በኋላ ሌሊት የሚያጠና ልጅ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በክፍል ውስጥ ምድጃ መለኮስ ስለማይፈቀድ ግን አንድ ቁና ሽሮ መሸከም ትርፍ ድካም ነው። ሚጥሚጣ ትንሽ ቢቋጠር መልካም ነው፤ የካፌ ወጥ የቀመሰ ሁሉ ያመሰግናል።

ለሴቶች ልጆች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ አስቀድሞ መገዛት አለበት። አባቶች ይህን መስማት ያፍራሉ። እናቶችም ገንዘቡ በእጃቸው ስላልሆነ ዝም ይላሉ። ልጅቱ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በማታውቀው ከተማ ትቸገራለች። በቀበሌ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእናትየዋና ከልጅቱ ጋር ብትነጋገር ነገሩ ያለ ኀፍረት ያልቃል።

ከሁሉ ይልቅ በሬ የሚያስሸጠው ወሬ ነው። ልጁ ዕዳ ይፈርማል ሲባል የሰማ ገበሬ ዕዳውን አስቀድሜ ልክፈል ብሎ ከብት ይነዳል። እውነት ነው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ደንብ አለ። ተማሪው የሚበላበትንና የሚያድርበትን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን እንደሚጋራ ውል ይፈርማል። ይሁን እንጂ በዚህ ደንብ የገባ ተማሪ ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው እየተቆረጠ ነው። ቤተሰቡ በምዝገባ ቀን ያንን ገንዘብ ቆጥሮ እንዲያስረክብ አይጠየቅም። ይህን አንድ ነገር በቀበሌ ስብሰባ ላይ ማስረዳት ብቻ ስንት በሬ እንደሚያድን አስቡት።

እንዲሁም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ የሙያ ዘርፉን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው፣ መሐንዲስ ሊሆን ነው ብሎ ለሙያው የሚሆን ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት መግዛት ችኮላ ነው። ኮምፒዩተር አያስፈልግም አልልም። በግሌ ግን የአንደኛውን ዓመት በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍና በግቢው ኮምፒዩተር መግፋት ይቻላል እላለሁ።

የኪስ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን መሰጠት የለበትም። ቀድሞ ገንዘቡ ተቋጥሮ የሚሰጠው መላኪያ ስላልነበረ ነው። ዛሬ በባንክ ወይም በቴሌብር በየወሩ ጥቂት ጥቂት መላክ ስለሚቻል፣ በአንድ ጊዜ በሬ ከመሸጥ ዶሮና እንቁላል፣ ቀጥሎም በግ እየተሸጠ ዓመቱን ማዳረስ ይሻላል። ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር የሚሆነው በእጁ ካለ ሌላው ይደርሳል።

ወደ እናንተ ድርሻ ስመለስ፣ ዋናው ነገር ቀን ነው። ጥሪው ዛሬ የሚወጣው በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲሆን ከተጠቀሰው ቀን ውጭ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም የሚል ማስጠንቀቂያ አያጣውም። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ልጅ ጥሪውን በሰማበት ቀን ምዝገባው አልፎ ሊሆን ይችላል። ምደባ ከወጣበት ቀን አንሥቶ በየሁለት ቀኑ ወረዳ ከተማ ወርዶ የሚያይ አንድ ሰው መመደብ ምን ያህል ያስቸግራል? የነዋሪነት ደብዳቤና መታወቂያም እንዲሁ ነው። ማኅተሙ ከሊቀመንበሩ ጋር ገበያ ሄዶ ልጁ ሦስት ቀን ሲመላለስ ያየሁበት ቀበሌ አለ።

ልጁ ከቤት ሲወጣ ጉልበቱም አብሮ ይወጣል። ያልታጨደ ማሳ ያለው ቤት በሠራተኛ ኪራይ ሌላ ገንዘብ ያወጣል፤ ለዚያም ከብት ይሸጣል። አንድ ቀን ደቦ ከተጠራ ግን የአንድ ቤተሰብ ጤፍ ይነሣል። ለሠርግና ለልቅሶ የማንሰንፍ ሰዎች ለዚህ የምንሰንፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ደብረ ብርሃን ተመደበች። አባቴ እንደ ልማዱ ከበረቱ በር ቆሞ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጥሪውን በስልኩ ይዞ መጣና ከአባቴ ጋር ከግንዱ ላይ ተቀምጠው መስመር በመስመር አነበቡት። ሁለት በግ ተሸጠ፤ በሬዎቹ ከጥማዳቸው አልተለዩም። የቀረውን ስንዴ ጎረቤት በደቦ አጨደልን። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ ቦርሳው አንድ ብቻ ነው።

ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሁለት መክፈቻ ነበረው፤ አንዱን እህቴ በክር አድርጋ ከአንገቷ አሰረችው፣ ሁለተኛውን እናቴ ወስዳ ከመቀነቷ ቋጥራዋለች።