ከሰሊጥ ማሳ ወደ ቶርኖ

መተማ ላይ ሰሊጥ ሲደርስ ሠልጣኞቼ ለአጨዳ ስለሚሄዱ የማስተምርበት ክፍል ይሳሳል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ልጆቹን አልቆጣም፣ ሲመለሱ እንቀጥላለን።

የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ። «የቆላ ልጅ ማሽን አያውቅም» የሚል ሰው ያበሳጨኛል። የትራክተር ፊልትሮ ሲፈታ፣ የተሰበረ ማረሻ ሲያስበይድ ያደገ ልጅ ነው። የሚጎድለው ልኬት ነው። ካሊፐር ስሰጠው፣ «ቲቸር፣ ይኼ በዓይን አይታወቅም?» ይለኛል። አይታወቅም! ካሊፐሩ እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ያነብባል። ኩሽኔታ የሚገባበት ዘንግ ትንሽ ከወፈረ አይገባም፤ ከቀጠነ እየተንሸራተተ ይበላል።

በኮምፒውተር የሚመራው ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ ሲኤንሲ የሚሉት፣ ከዚህ ልኬት የራቀ አይደለም። እጀታ በማዞር ፈንታ የቆራጩ መንገድ በኤክስና በዜድ ቁጥሮች ይጻፋል። «ጂ ዜሮ ዋን» ማለት በቀጥታ መስመር እየቆረጥክ ሂድ ነው። ማሽኑ ባይኖርም ይህን በወረቀት ማስላት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ (እዚህ ይጠፋል) የምናደርገውም ይህንኑ ነው።

የብረት ጥበብ ፍላጎት ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስ የጎረቤታችን የቋራ ሰው ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የአገሬው ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲሠሩ፣ ንጉሡ ከመድፉ ይልቅ ጥበቡን የፈለጉ ይመስለኛል። ወደ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ መቅደላ ላይ አለ። የጋፋት ወርክሾፕ ግን ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ አልቀጠለም።

ዛሬም ጥበቡን ለማስቀጠል የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሠልጣኙ በሥራ ቦታ እየሠራ የሚማርበት፣ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ እኛ አካባቢ በብዛት ያለው ጋራዥ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም ኮምቦልቻ የሚሄድ ሠልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይ ነው።