ለዘንድሮ ቅርጫ ፌስታል ይቅር፣ ኮባ ይበቃናል

ወዳጆቼ፣ ገና ደረሰ። ታኅሣሥ 29 ጾሙ ይፈታል፤ ብዙም ሳንቆይ ጥር 11 ጥምቀት ይከተላል። በእነዚህ ቀናት የምናርደው፣ የምናነደውና የምንጥለው ከወትሮው ብዙ ስለሆነ በዓሉ ሳይገባ አንድ ነገር ልበላችሁ።

ቅርጫውን እንውሰድ። ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል። ከታረደ በኋላ መሬት ላይ ኮባ ይነጠፍና ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አባቶቻችን እንዳቆዩልን ነው። ዕጣው እንደወጣ ግን ሁሉም ከኪሱ ፌስታል ይመዛል። አንዱ ለሥጋው፣ አንዱ ለጨጓራው፣ እንዳይቀደድ ደግሞ ሌላ ይደረብበታል። በማግስቱ ያ ደም የነካው ፌስታል በየቦዩና በየአጥሩ ሥር ወድቆ ታገኙታላችሁ። ላም ሽታውን ተከትላ ትውጠዋለች። ፌስታል ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይቋጠርና መተላለፊያ ይዘጋል፣ ላሚቱ እየከሳች ትሞታለች። የተረፈውን ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል። የእኛ የከፋ ዞን ወንዞች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ኦሞ ነው፤ እዚህ የጣልነው እዚህ አይቀርም።

የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። እኛ ግን ቅጣት እስኪመጣ የምንጠብቅበት ምክንያት የለንም፤ የእንሰት አገር ሰዎች ነን። ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ አድርጉት፤ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ሥጋውን ጠቅልላችሁ በቃጫ እሰሩት። ደም እንዳይንጠባጠብ ሁለት ቅጠል ደርቡ። ቤት ስትደርሱ ኮባው ለከብት ይሰጣል ወይም ጓሮ ተጥሎ አፈር ይሆናል። ከተማ መሀል የሚኖርና ጓሮ የሌለው ጎረቤቱን ቢጠይቅ ኮባ የሚከለክለው የለም።

ፈርሱንም ወንዝ ዳር አትድፉት። እንሰት ፍግ የሚወድ ተክል ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እንሰቱ አጠገብ ቅበሩት። ውሻም አይጎትተውም፣ ዝንብም አያፈላም።

ስለ ማገዶ ደግሞ ይህን አስቡ። ዩኔስኮ ከፋን በ2002 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ የመዘገበው በደኑ ነው። ከዚያ ደን ቡና እንለቅማለን፣ ኮረሪማና ጥምዝ እናወጣለን፣ ዛፉ ላይ ቀፎ ሰቅለን ማር እንቆርጣለን። ለአንድ ቀን ዶሮ ወጥ ብሎ እርጥብ እንጨት ከዚያ መቁረጥ በገዛ ጓዳችን ላይ መዝመት ነው። ከጓሮ ባሕር ዛፍና ከቡና ግርዛት የተረፈው ጭራሮ አስቀድሞ ቢደርቅ ለበዓሉ ይበቃል፤ የደረቀ እንጨት ጭሱም ስለሚያንስ ለእናቶቻችን ዓይን ይሻላል።

የገና ዛፍም አለ። ፎቶ ለመነሳት ተብሎ የጥድ ጫፍ ሲቆረጥ ያ ዛፍ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አያድግም። ማስጌጥ የምትወዱ፣ ደጃችሁ ላይ የቆመውን ቡና አስጊጡት። ፍሬው ያልተለቀመ ከሆነ ቀዩ ጌጥ አብሮት አለ። ፕላስቲክ ዛፍ ቀድማችሁ የገዛችሁ ግን አትጣሉት፣ በየዓመቱ አውጥታችሁ ተጠቀሙበት።

ቄጤማ በማጭድ ከላይ ከታጨደ መልሶ ይበቅላል፣ ከሥሩ ከተነቀለ ግን ረግረጉ ይራቆታል። ሻጩን እንዴት እንደሚያጭደው ጠይቁት። የፕላስቲክ ሣር መግዛት ግን በጭራሽ አይታየኝም። እርጥብ ቄጤማ ከቡናው ጢስ ጋር የሚሰጠውን ሽታ አይሰጥም፤ ሲያረጅም ከመቃጠል ወይም ከመጣል ሌላ ዕጣ የለውም።

ለጥምቀት ታቦት አጅባችሁ ስትወርዱ የውኃ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ወጣቶች፣ ምንጣፍ ለማንጠፍ የምትሽቀዳደሙትን ያህል ሜዳውን ለማጽዳትም ተደራጁ።

በዋጫም፣ በቦንጋም፣ በሺሺንዳም የቅርጫ ሰብሳቢዎች የሆናችሁ፣ ገንዘብ ስትሰበስቡ «ፌስታል ይዞ የሚመጣ የለም፣ ዘንቢል ወይም ሳፋ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ከወዲሁ ንገሩ። ኮባውን ከዋዜማው አስቆርጡ። መልካም በዓል!