አባት ያልቆጠረው ድካም

ዛሬ ስለ አንድ በግ አርቢና ስለ ልጁ እናወጋችኋለን። አባትና ልጁ በአሳባችን የፈጠርናቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስም አላወጣንላቸውም። አገሩ ግን እውነተኛ ነው። በሽታውም እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለው ጠብም በብዙ ቤት አለ።

አገሩ ኢሉባቦር ነው። ኢሉባቦር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ይገኛል። ዋና ከተማው መቱ ነው። ከመቱ እስከ ጎሬ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመቱ በፊት ዋና ከተማዋ ጎሬ ነበረች። አገሩ ዝናብ የጠገበ ነው። ቡናው በደን ዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። በየሸለቆው ውሃ የማይለየው ረግረግ አለ። ሰዉ ጨፌ ይለዋል። የጨፌ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል። በበዓል ቀንም ይጎዘጎዛል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚረባው በግ የሆሮ በግ ይባላል። ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። ጅራቱ ስብ ይይዛል። መንታም ይወልዳል።

አባትየው በመቱ አካባቢ 12 በጎች ነበሩት። የሚጠብቃቸው ትልቁ ልጁ ነው። ልጁ መጠበቅ የጀመረው በ8 ዓመቱ ነው። አሁን 18 ሞልቶታል። ጎህ ሲቀድ ያወጣቸዋል፤ ሲመሽ ያስገባቸዋል። ነገር ግን አንዲት በግ እንኳ «ይቺ ያንተ ናት» ተብሎ አያውቅም። በግ ሲሸጥ ገንዘቡን የሚይዘው አባት ነው። ልጁ የሸሚዝ መግዣ ሲጠይቅ «ለከርሞ» ይባላል። ከርሞ ይመጣል፤ ሸሚዙ ግን አይመጣም። ድርሻ ስጠኝ ቢለው አባትየው ሳቀበት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለው።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ልጁ ሁለት በጎች ነዳ። «ላሰማራ ነው» አለ። የነዳቸው ግን ወደ መቱ ገበያ ነው። ሸጣቸውና በዚያው ወደ ጎሬ አለፈ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበረ ሥራ አላጣም። ቀን ይለቅማል። ማታ ጠላ ቤት ይቀመጣል። ካርታ መጫወትም ለመደ። በመጀመሪያ የበጎቹ ዋጋ አለቀ። ቀጥሎ የለቀማው ገንዘብ አለቀ። ለቀማው ሲያበቃ በመኪና ተሳፍሮ ወደ በደሌ ሄደ። መንገዱ በመቱ ያልፋል። እሱ ግን አልወረደም። በበደሌ ሸክም እየተሸከመ ከረመ። ወደ ቤቱ አንድም ቃል አልላከም።

አባትየው «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» አለ። በጎቹን ትንሹ ልጅ እንዲጠብቅ አዘዘ። ትንሹ ልጅ ገና 9 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን አቋረጠ። በጋው ሲገባ ዳገቱ ደረቀ። ጨፌው ግን እንደለመለመ ነው። በጎቹ ወደ ጨፌው ወረዱ። ትንሹ ልጅም አልከለከላቸውም። ማን ነግሮት!

መጋቢት ላይ በጎቹ ከሱ። የዓይናቸው ውስጥ ነጣ። አገጫቸው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣ። አባትየው «ቡዳ በላብኝ» አለ። አራት በጎች ሞቱ። ይኼኔ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሮጠ። ባለሙያው ሲደርስ አምስተኛዋም ሞታለች። ሆዷን ከፍቶ ጉበቷን አሳየው። በጉበቷ ውስጥ እንደ ቅጠል የጠፈጠፉ ትሎች ነበሩ።

«ይህ የጉበት ትል ነው» አለ ባለሙያው። «የትሉ እንቁላል ከበግ ወይም ከከብት ፋንድያ ጋር ይወጣል። ረግረግ ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃ ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል። በጉ ሣሩን ሲበላ ትሉንም ይበላል። የጨፌውን እርጥብ ሣር አጭዶ መስጠትም ያው ነው። ለመሆኑ በጎችዎ ወትሮ በበጋ የት ነበር የሚግጡት?»

አባትየው መልስ አጣ። መልሱን የሚያውቀው ትልቁ ልጅ ነበር። ያ ልጅ በበጋ በጎቹን ወደ ጨፌ አያወርድም። ዳገት ለዳገት እያዞረ ሲያበላቸው ይውላል። ባለሙያው ለቀሩት አምስት በጎች መድኃኒቱን በየክብደታቸው መጥኖ ሰጣቸው። በጎቹም ዳኑ።

ያን ዕለት ማታ አባትየው ለሚስቱ ምን አላት መሰላችሁ? «ሁለት በግ ሰረቀኝ ብዬ ስረግመው ከረምኩ። ስንቱን በግ ሲያተርፍልኝ እንደኖረ ግን አልቆጠርኩለትም።»

በሰኔ ዝናብ ልጁ ተመለሰ። አጥሩ ሥር ቆሞ መግባት ፈራ። እናቱ እጁን ይዛ አስገባችው። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ሰርቄያለሁ፤ አልክድም» አለ ልጁ። «ግን አሥር ዓመት ስጠብቅ አንዲት ግልገል እንኳ የኔ ናት ብዬ አላውቅም።»

አንድ ሽማግሌ ወደ አባትየው ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ለባዕድ በግ በርቢ ትሰጥ የለም እንዴ? ልጅህ ከባዕድ አንሶ ነው?» አሉት።

በርቢ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቱ እናት በግ ይሰጣል። ተቀባዩ ይጠብቃል፤ ይቀልባል። ግልገሉን ይካፈላሉ።

አባትየው ራሱን ነቀነቀና ተስማማ። ሁለት እናት በጎች በርቢ ለልጁ ሰጠ። ልጁም የሸጣቸውን ሁለት በጎች ከድርሻው ሊተካ ቃል ገባ። አባትየው ፊደል የቆጠረው በቅርቡ ነው። ሆኖም ውሉን በራሱ እጅ በደብተር ላይ ጻፈው። ሁለቱም ፈረሙ። ትንሹ ልጅም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

እስቲ አብረን እናስላ። በግ አርግዛ የምትወልደው በ5 ወር ነው። በደንብ ከተያዘች በ2 ዓመት 3 ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ሁለቱ በጎች አንድ አንድ ብቻ ቢወልዱ እንኳ በ2 ዓመት 6 ግልገሎች ይሆናሉ። የልጁ ድርሻ 3 ነው። ሁለቱን ለዕዳው ይከፍላል። አንዷ የራሱ ትሆናለች። ለአሥር ዓመት ያላገኛትን አንዲት በግ በሁለት ዓመት ያገኛታል ማለት ነው፤ ያውም ዕዳውን ከፍሎ።

የመጀመሪያዋ ግልገል የተወለደች ዕለት አባትየው ደብተሩን አወጣ። ልጁን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ቀኑን ጻፈ። የልጁንም ስም ጻፈ።

እንወያይበት፦
1. ጥፋቱ የማን ነው? የአባት ነው? የልጅ ነው? ወይስ የሁለቱም?
2. በአካባቢያችሁ በጎች በበጋ የት ይግጣሉ?
3. በቤታችሁ ድካሙ ያልተቆጠረለት ማን ነው?