መንጠቆ ወይስ ብርብራ?

ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ ሲባል አብዛኞቻችን ፊት ድቅን የሚለው በፊልም ያየነው ነገር ነው፤ ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ። እኛ ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም። ታዲያ የወለጋ ልጅ ዓሣ ማጥመድ ቢያምረው ምን ያድርግ? መልሱ ቅርብ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው የዲዴሳን ድልድይ ይሻገራል። ወደ ቡሬ የሚሄደው ደግሞ አንገርን ያገኛል። አንገር ዲዴሳ ውስጥ ይገባል፣ ዲዴሳ ዓባይ ውስጥ። በሆሮ ጉዱሩ በኩል ደግሞ የፊንጫ ግድብ ሐይቅ አለ። ሁሉም ዓሣ አላቸው።

በመንጠቆ ለማጥመድ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ፣ ናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ክሩን የሚያሰምጥ ትንሽ ክብደትና ከላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ይበቃል። መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይደረጋል። ቡሹ ድንገት ወደ ውስጥ ከገባ ዓሣው ጎርሷል ማለት ነው።

ዓሦቹ ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጭቃማ ቦታ ይወዳል፤ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው በማታ ሲሆን ምግቡን በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ይፈልጋል። ከውሃ ከወጣ በኋላም አየር መተንፈስ ስለሚችል ቶሎ አይሞትም። ቆሮሶ በአብዛኛው የውሃ ውስጥ አረንጓዴ ነገር የሚበላ በመሆኑ ትንሽ መንጠቆና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባርበስ የሚባለው ደግሞ የሚፈስ ውሃ ወዳጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ትዕግሥት የሌለው ሰው አቋራጭ አለው፤ እሱም ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሦቹ እየደነዘዙ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ዘዴው በአገራችን የቆየ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚሠራበት በበጋ፣ ወንዙ ጎድሎ ውሃው በየኩሬው ሲቀር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው በስንጥቡ ሲተነፍስ ሮቴኖኑ በቀጥታ ደሙ ውስጥ ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። ስለዚህ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሰው ዓሣውን በልቶ ብዙ ጊዜ የማይታመመው ሮቴኖን በሆድ በኩል ሲገባ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ነው። «እኛን ምንም አላደረገንም» የሚለው ክርክር የመጣውም ከዚህ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው የበላው ሰው ብቻ አይደለም። መንጠቆ አንድ ዓሣ ያወጣል። ብርብራ ግን ትልቅና ትንሽ አይለይም። ጣት የምታህለው ጫጩትም፣ ዓሦቹ የሚበሏቸው የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ እሷ ስትሞት የያዘቻቸው ሁሉ አብረው ይሞታሉ። በበጋ ኩሬ ውስጥ የቀሩት ዓሦች ደግሞ ለክረምቱ ዘር የሚሆኑት ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ባርበስ ለመራባት ወደ ላይኛው ወንዝ ይወጣል፣ አምባዛም ጎርፍ ወደተኛበት ሣር ይገባል። ኩሬው ከተመረዘ ማን ይወጣል?

አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። ከዓላማዎቹ አንዱ ሀብቱ ከመጠን በላይ እንዳይበዘበዝ መከላከል ነው። ይሁንና በየወንዙ ዳር ጠባቂ ማቆም አይቻልም፤ የሚወስነው ውሃው ዳር የቆመው ሰው ነው።

መንጠቆ ለሚመርጥ ጥቂት ምክር እነሆ። ትንሽ ዓሣ ከያዛችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙትና መልሱት፤ ደረቅ እጅ ሰውነቱን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይልጠዋል። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ብትጨፈልቁት ሳትቀዱት ታላቅቁታላችሁ። ዲዴሳ ጉማሬና አዞ እንዳለው አትርሱ፤ ወንዙን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ሳትይዙ አትውረዱ። ቆላው ወባማ ስለሆነ አምባዛ ፍለጋ አመሻሽ ላይ የሚቆይ ሰው ያስብበት።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብርብራ የበተነውን ልጅ «ጥፋተኛ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ልጁ ግን መንጠቆ መግዣ አጥቶ፣ ብርብራው ደግሞ ደጁ ላይ በነጻ በቅሎለት ሊሆን ይችላል። ስለ ወንዙ የሚጻፍ ዘገባ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ይጠይቅ። አንድ መንጠቆ ከሰጠነው ምናልባት መልሱ ይለወጥ ይሆናል።